ስፖንሰር ወይስ ማስታወቂያ?
ወላጆች፣ ድርጅቶች ለትምህርት ቤት ስለሚሰጡት ስጦታ «ድርጅቱ በነፃ ከሰጠ ምን ችግር አለው?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ላስረዳ። ዋናው ነገር ልጁ ስጦታውን ሲቀበል ብራንዱንም አብሮ ይቀበላል ወይ የሚለው ነው። በሉ እንበልና አራት ኪሎ ያለ ትምህርት ቤት አንድ የለስላሳ ድርጅት የውሃ ታንከር ገዝቶለት ዝም ካለ እርዳታ ነው፣ ግን ታንከሩ ላይ ሎጎ ተለጥፎ ልጆቹ የድርጅቱን ኮፍያ አድርገው በሰልፍ ፎቶ ከተነሱ ማስታወቂያ ነው፣ ያውም የ7 ዓመት ልጅ ቲቸር ያመጣው ሁሉ ትክክል ነው ብሎ በሚያምንበት ቦታ፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ትምህርት ቤቶች ስኳር፣ ጨውና ስብ ከበዛባቸው ምግቦች ማስታወቂያ ነፃ ይሁኑ ብሏል፣ ግን ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። ትምባሆ ግን በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ስፖንሰር ማድረጉም ጭምር ክልክል ነው። የሎጎና የኮፍያው ነገር ትምህርት ቤቱ እንደፈረመው ውል ይለያያል፣ ስለዚህ ወላጅ ኮሚቴው ውሉን ያሳያችሁ።