ፈዚንግ ምንድን ነው? የኤጅ መሣሪያን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተበላሸ ግብዓት መፈተሽ

ፈዚንግ ለአንድ ፕሮግራም የተዛባና ያልተጠበቀ ግብዓት በብዛት፣ በፍጥነትና ያለማቋረጥ እየመገቡ የት እንደሚሰናከል የሚያዩበት የሙከራ ዘዴ ነው። ግብዓቱን የሚፈጥረው ፈዘር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ የሙከራ ዝርዝር አያዘጋጅም። ዘዴው ለማንኛውም ሶፍትዌር ይሠራል። ኤጅ በሚባሉት መሣሪያዎች ላይ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ኤጅ የምንለው ዳታውን ሩቅ ወዳለ ሰርቨር ሳይልክ እዚያው በተፈጠረበት ቦታ የሚሠራውን ሳጥን ነው፦ የፋብሪካ ጌትዌይ፣ የካሜራ መቅጃ፣ የቆጣሪ ንባብ ሰብሳቢ። አቅም ያላቸው ሊኑክስ ይጭናሉ፤ ትንንሾቹ እንደ ዜፈር ወይም ፍሪአርቶስ ባለ ቀላል ሲስተም ይሠራሉ። ሁሉም በአብዛኛው የተጻፉት በሲ ቋንቋ ነው። ምሰሶ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ለዓመታት ስለሚቆዩ፣ አላፊ አግዳሚው ከሚነካው ኔትወርክ መልእክት ይቀበላሉ።

አንድ ቀላል የመልእክት አወቃቀር እንውሰድ። የመጀመሪያው ባይት የመልእክቱን ዓይነት፣ ሁለተኛው የይዘቱን ርዝመት ይናገራል፤ ይዘቱ ከዚያ ይከተላል። ተቀባዩ ኮድ 64 ባይት የሚይዝ ባፈር፣ ማለትም መልእክቱ የሚቀመጥበት የሚሞሪ ቦታ፣ አዘጋጅቷል። ትክክለኛው መልእክት «ዓይነት 3፣ ርዝመት 4» ብሎ አራት ባይት ያስከትላል፤ በድምሩ 6 ባይት ነው። ፈዘሩ ሁለተኛውን ባይት ከ4 ወደ 255 ቀይሮ ይልካል። ኮዱ ርዝመቱን ከባፈሩ መጠንም ሆነ በእርግጥ ከደረሰው የባይት ብዛት ጋር ካላመሳከረ 255 ባይት ይገለብጣል፤ 191ዱ ከባፈሩ ውጭ ያርፋል። ከሁለቱ ማመሳከሪያዎች አንዱን ብቻ ማድረግ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የባፈሩን መጠን አረጋግጦ የደረሰውን ብዛት የዘነጋ ኮድ ከባፈሩ ውጭ አይጽፍም እንጂ የማይገባውን ያነባል። በ2014 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ይፋ የሆነው ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳም ከዚሁ ወገን ነው፦ ግንኙነትን የሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ላኪው የነገረውን ርዝመት አምኖ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሰርቨሩን ሚሞሪ መልሶ ይልክ ነበር።

ዘዴው የተጀመረው በ1988 በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ነው። ፕሮፌሰር ባርተን ሚለር ለተማሪዎቻቸው የሰጡት የክፍል ሥራ የዩኒክስ መገልገያ ፕሮግራሞችን በዘፈቀደ በተፈጠሩ ፊደላት መደብደብ ነበር፤ በ1990 የታተመው ውጤት በተፈተሸው በእያንዳንዱ የዩኒክስ ዝርያ ላይ ከ25 እስከ 33 በመቶ የሚሆኑት ፕሮግራሞች መውደቃቸውን አሳየ። ያ ዓይነቱ ፈዚንግ ዕውር ነው፤ የላከው ግብዓት ኮዱ ውስጥ የት እንደደረሰ አያውቅም። የዛሬው ያውቃል። በ2013 ሚካል ዛሌቭስኪ ያወጣው ኤኤፍኤል የተባለ ፈዘር ባስለመደው አሠራር፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር በእያንዳንዱ የኮዱ ቅርንጫፍ ላይ ትንሽ ቆጣሪ ይተክላል። አንድ ግብዓት ከዚህ በፊት ያልተረገጠ ቅርንጫፍ ከረገጠ ፈዘሩ ያስቀምጠዋል፤ ቀጣዮቹን የሚያራባውም ከእሱ ነው። ያልረገጠ ይጣላል። የመልእክቱን ዓይነት በመገመት ይጀምርና፣ ቀስ በቀስ ማንም ያላስተማረውን የፕሮቶኮል አወቃቀር ራሱ ይገነባል።

ግብዓት መፍጠር እንግዲህ ብዙ አያስቸግርም። በኤጅ መሣሪያ ላይ የሚከብደው ጉዳቱን ማየት ነው።

ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም የራሱ ያልሆነ አድራሻ ቢነካ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ፣ እዚያው ያስቆመዋል። ኮርቴክስ ኤም በተባለው የትንንሽ ቺፖች ቤተሰብ ላይ ግን እያንዳንዱን ተግባር በራሱ አድራሻ የሚያጥረው ኤምኤምዩ የለም። ቀለል ያለው መከላከያ፣ ኤምፒዩ፣ በብዙዎቹ 8 ክልል ብቻ ይጠብቃል፤ በአንዳንዶቹ ጭራሽ የለም፤ እያለም ሳይበራ ለገበያ የሚወጣ ምርት ሞልቷል። ስለዚህ እነዚያ 191 ባይቶች ከባፈሩ ቀጥሎ በተቀመጠው ዳታ ላይ ይጻፋሉ፤ መሣሪያውም ሥራውን ይቀጥላል። የተበላሸው ዳታ የሙቀት ንባብ ከሆነ የተሳሳተ ቁጥር ይታያል፤ ያም ቢሆን የሚያስተውል ሰው ከተገኘ ነው። የሌላ ተግባር ስታክ (የፈንክሽን ጥሪዎቹን የሚይዝበት ሚሞሪ) ከሆነ ደግሞ ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ከጥፋቱ ጋር ምንም በማይገናኝ ቦታ ይወድቃል። ዎችዶግ የሚባለው ጠባቂ ሰዓት መሣሪያውን ዳግም ያስነሳውና ሎጉ ላይ የሚቀረው የሪሴት ምልክት ብቻ ይሆናል። ፈዘሩ በዚያ መሐል መቶ ሺህ ሌላ መልእክት ልኳል፤ ጥፋተኛው የትኛው እንደነበር ማን ያውቃል? ባዶ ፖይንተር፣ ማለትም አድራሻ ዜሮን፣ ማንበብ እንኳ አያስጮኸውም። በእነዚህ ቺፖች አድራሻ ዜሮ ብዙውን ጊዜ የቬክተር ሰንጠረዡ (ቺፑ ሲነሳ የሚያነበው የአድራሻ ዝርዝር) መጀመሪያ ነውና ኮዱ የስታኩን መነሻ አድራሻ እንደ ዳታ ይዞ ይሄዳል።

በፈረንሳይ የዩሬኮም ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት በ2018 የወጣ ጥናት ይህንኑ ለክቷል። የሚሞሪ ስህተቶችን ሆን ብለው በተለያዩ ዓይነት ሲስተሞች ውስጥ ተክለው ሲቀሰቅሷቸው፣ ኮምፒውተር ላይ ወዲያው የሚታየው ውድቀት በትንንሾቹ መሣሪያዎች ላይ ዘግይቶ የሚመጣ ወይም ጨርሶ የማይታይ ሆነ። ቦርዱን ለሳምንት ደብድቦ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ሪፖርት መጻፍ በእኛ ግምት ካለመፈተሽ ይብሳል፤ የውሸት እርግጠኝነት ይሰጣልና።

መፍትሔው ኮዱን ስህተቱ ወደሚጮህበት ቦታ መውሰድ ነው። ዜፈር ለዚህ ኔቲቭ ሲም የሚባል ዒላማ አለው፦ ያው ከርነል፣ ያው የኔትወርክ ኮድ፣ እንደ ተራ የሊኑክስ ፕሮግራም ይጠናቀርና ኮምፒውተር ላይ ይሮጣል። ክላንግ በተባለው ኮምፓይለር ሲጠናቀር አድሬስ ሳኒታይዘር ይታከልበታል። ይህ መሣሪያ በእያንዳንዱ ባፈር ዙሪያ የተከለከለ ክልል ያጥራል፣ የተለቀቀ ሚሞሪን ይመርዛል (የተከለከለ ብሎ ምልክት ያደርግበታል)፤ አንድ ባይት እንኳ ከወሰን ካለፈ ፕሮግራሙን አስቁሞ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ይናገራል። ዋጋው ፍጥነትን ወደ ግማሽ ገደማ ማውረዱ ነው፤ ሳያቅማሙ መክፈል ነው። ከዜፈር ምንጭ ኮድ ጋር ሊብፈዘር የተባለውን ፈዘር የሚጠቀም ዝግጁ ምሳሌ አብሮ ይመጣል፤ ግብዓቱን የሚያደርሰው በኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን በሚያቋርጥበት ምልክት) መልክ ስለሆነ ለድራይቨር ሙከራም መነሻ ይሆናል።

ኮምፒውተሩ ግን ቦርዱ አይደለም። ኮርቴክስ ኤም0 ከአራት ባይት ድንበር ያልገጠመ ባለ 32 ቢት ንባብ ሲገጥመው ይወድቃል፤ የኮምፒውተራችሁ ፕሮሰሰር ዝም ብሎ ያነበዋል። ለዚህ በሲ ቋንቋ ያልተደነገገ አሠራርን የሚይዘውን ዩቢሳንን ከአሰላለፍ ምርመራው ጋር ማብራት ያስፈልጋል። የቁጥር መትረፍረፍ ስህተት በ64 ቢት ላይ ሊጠፋ ስለሚችል የኔቲቭ ሲምን ባለ 32 ቢት ዝርያ ምረጡ።

ቀጥሎ ሃርነስ ይጻፋል። ፈዘሩ የሰጠውን የባይት ጥቅል ተቀብሎ በቀጥታ መልእክት ወደሚተነትነው ፈንክሽን የሚያስገባ አጭር ኮድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ50 መስመር አይበልጥም። ከዚያ ዘር ያስፈልጋል፦ ከእውነተኛ መሣሪያ የተቀዱ ጥቂት ደርዘን ትክክለኛ መልእክቶች፣ ትንንሽና እርስ በርስ የማይመሳሰሉ። አንድ ሺህ ተመሳሳይ ፓኬት ከሃያ የተለያዩ ፓኬቶች ያነሰ ይጠቅማል።

ሥራው የሚቆመው በአብዛኛው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛው ቼክሰም ነው፤ መልእክቱ አለመበላሸቱ የሚረጋገጥበት፣ እንደ ሲአርሲ ያለ ቁጥር። ፈዘሩ አንድ ቢት በነካ ቁጥር ሲአርሲው አይገጥምም፤ ኮዱም መልእክቱን በር ላይ ይመልሳል። ስለዚህ ለፈዚንግ በተጠናቀረው ቅጂ (ቢልድ) ብቻ ምርመራው ሁልጊዜ እንዲያልፍ ይደረጋል። ይህ ለውጥ ወደ ምርቱ ቢልድ እንዳይሾልክ በቢልድ ሰንደቅ (በማጠናቀሪያ አማራጭ) ይታጠር፤ ከሾለከ ራሱ የደህንነት ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ባለ አራት ባይት መለያ ቁጥር ነው፤ በዘፈቀደ የመገጠም ዕድሉ ከ4.3 ቢሊዮን አንድ ነው። የመለያዎቹን ዝርዝር በመዝገበ ቃላት ፋይል ለፈዘሩ መስጠት በደቂቃዎች ውስጥ ያሻግረዋል። ሦስተኛው፣ ከሁሉ አድካሚው፣ ከአንዱ ግብዓት ወደ ሌላው የሚተላለፍ ቅሪት ነው። ግሎባል ተለዋዋጭ ካልጸዳ፣ ያልተዘጋ ግንኙነት ካለ ወይም ሰዓት ቆጣሪ ከበስተጀርባ የሚሮጥ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ይወድቅና የጣለውን ፋይል ብቻውን ደግማችሁ ስትሰጡት አይወድቅም። የኤኤፍኤል ተተኪ የሆነው ኤኤፍኤል ፕላስ ፕላስ «ስቴቢሊቲ» ብሎ የሚያሳየው መቶኛ የዚህ መለኪያ ነው፤ እየወረደ ከሄደ ከሙከራው በፊት ሃርነሱን አስተካክሉ፦ በየዙሩ ሁሉንም ወደ መነሻ መልሱ፣ የዘፈቀደ ቁጥር መነሻውን አንድ ቦታ ላይ እሰሩት።

የሊብፈዘር ነባሪ የጊዜ ገደብ 1200 ሰከንድ መሆኑንም ልብ በሉ። አንድ መልእክት ለ20 ደቂቃ መሣሪያውን ቢያንጠለጥል ለኤጅ ጌትዌይ ሙሉ ጥቃት ነው፤ ገደቡን ወደ 5 ወይም 10 ሰከንድ አውርዱት።

ሊኑክስ የጫኑ መሣሪያዎች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ለከርነል የሚሆነው ፈዘር በጉግል የተጀመረው ሲዝካለር ነው። ባይት ከመመገብ ይልቅ የሲስተም ጥሪዎችን በቅደም ተከተል እየደረደረ በቨርቹዋል ማሽኖች ውስጥ ያስኬዳል። ከርነሉ ሁለት ነገሮች በርተው መጠናቀር አለበት፦ የተረገጡ ቅርንጫፎችን የሚናገረው ኬኮቭና የሚሞሪ ስህተት የሚይዘው ኬሳን። ተራው የኬሳን ዓይነት ለእያንዳንዱ 8 ባይት አንድ ባይት ጥላ (የሁኔታ መዝገብ) ይይዛል፤ የሚሞሪውን አንድ ስምንተኛ ማለት ነው፤ 256 ሜጋባይት ላለው መሣሪያ 32 ሜጋባይት ይሄዳል።

ዋናው የከርነል ኮድ ከ2017 ጀምሮ የሲዝካለር አውቶማቲክ አገልግሎት በሆነው በሲዝቦት አማካይነት ያለማቋረጥ ሲፈተሽ ኖሯል። እናንተ ያንኑ ብትደግሙት ትርፉ ጥቂት ነው። አደጋው ያለው አምራቹ ራሱ በጨመረው ድራይቨር ውስጥ ነው፣ ማንም ከእሱ በቀር አላየውምና። ሲዝካለር ደግሞ ያልተገለጸለትን ጥሪ አይጠራም፤ ለእያንዳንዱ የድራይቨሩ አዮክትል (ለመሣሪያው የሚሰጥ ትእዛዝ) የቁጥሩንና የመዋቅሩን መግለጫ መጻፍ ግድ ነው። ሌላ መሰናክልም አለ፦ ሃርድዌሩ ቨርቹዋል ማሽኑን በሚያስኬደው ኪሙ ውስጥ ስለሌለ ድራይቨሩ ሲነሳ መሣሪያውን አያገኝም፣ አይጫንምም። ወይ የውሸት ሃርድዌር መጻፍ፣ ወይ ሲዝካለርን በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያ) በኩል በእውነተኛው ቦርድ ላይ ማስኬድ ነው።

እውነተኛ ቦርድ ቀርፋፋ ነው። በ115200 ቦድ የሚሠራ የሲሪያል መስመር በሰከንድ 11520 ባይት ያሳልፋል፤ ባለ 100 ባይት መልእክት ቢሆን ቢበዛ 115 በሰከንድ። ያው ተንታኝ ኮድ ኮምፒውተር ላይ በሰከንድ በሺዎች ይደጋገማል። ስለዚህ ቦርዱን ኮምፒውተር ላይ ለማይሠራው ብቻ አስቀምጡት፤ ለሬዲዮው፣ ያለ ፕሮሰሰሩ ዳታ ለሚያመላልሰው ዲኤምኤ፣ ሲስተሙን ለሚያስነሳው ቡትሎደር። ከየጥቂት መልእክቱ በኋላ «አለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ላኩ፣ ኃይሉን የሚያጠፋና የሚያበራ ሪሌይ አያይዙ፣ የተላከውን ሁሉ በቅደም ተከተል መዝግቡ።

ውድቀት መገኘት ሲጀምር ደግሞ ይበዛል። አንድ ስህተት በአንድ ሌሊት መቶ ፋይል ሊያስቀምጥ ይችላል፤ በስታኩ የላይኛዎቹ ሦስት ወይም አራት ፈንክሽኖች መደባችሁ ከየምድቡ አንድ ብቻ ውሰዱ። ፋይሉን ፈዘሩ ራሱ እንዲያሳጥረው አድርጉ፤ የ900 ባይት ግብዓት ወደ 7 ባይት ሲወርድ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በዓይን ይታያል። ከተጠገነ በኋላ ፋይሉ ከቋሚ ሙከራዎች ጋር ይቀመጥ፤ ኮዱ በተቀየረ ቁጥር በጥቂት ሰከንድ ያልፋል።

ፈዚንግ የማይነካው ትልቅ መስክ አለ። በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው የሚሞሪ ስህተት ፈልጎ አይደለም፤ 60 ገደማ የፋብሪካ መጠሪያና የይለፍ ቃል ጥንዶችን እየሞከረ ነበር። የዝማኔ ፊርማ የማያረጋግጥ መሣሪያም ክራሽ አያደርግም፤ የአጥቂውን ሶፍትዌር በሰላም ይጭናል። እነዚህ በሰው ዓይንና በተለየ ሙከራ ይታያሉ።

መቼ ይቆማል? ከሰዓቱ ይልቅ የትኛው ኮድ እንደተረገጠ የሚያሳየውን የሽፋን ሪፖርት ተመልከቱ። አዲስ ቅርንጫፍ መገኘቱ ከቆመ ሪፖርቱን ከፍታችሁ ያልተረገጡትን መስመሮች አንብቡ። በቀይ የተመለከተው ያልተረገጠ ክፍል የስህተት መልእክት ማተሚያ ብቻ ከሆነ ይበቃል። ከመግቢያ ማረጋገጫ ወይም ከቲኤልኤስ (የምስጠራ) ልውውጥ በስተጀርባ ያለ ሙሉ ፋይል ከሆነ ግን ሌላ ሳምንት ማስኬድ አንድም መስመር አይጨምርም። ሁለተኛ ሃርነስ ጻፉ፤ መልእክቱን ልውውጡ ካለቀ በኋላ ካለው ፈንክሽን ያስገባ፤ ከመሣሪያው የተቀዳ፣ የተፈታ ፓኬትም በዘርነት ስጡት።