ቁልፍ ተጫዋች ማጣትና የትንንሽ ኮሌጆች የመጋቢት ተስፋ

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውስጥ «ትንሽ ኮሌጅ» የሚባለው ምን እንደሆነ የሚወስን ደንብ የለም። በዚህ ጽሑፍ ስሙ የተሰጠው በአንደኛው ዲቪዚዮን (በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን) እየተጫወቱ በተማሪ ብዛት፣ በበጀትና በአዳራሽ ስፋት ግን ከግዙፎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለማይወዳደሩ፣ ብዙዎቹም በሃይማኖት ተቋማት ለተመሠረቱ የግል ኮሌጆች ነው። እነዚህ ኮሌጆች በየዓመቱ የሚያልሙት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር የሆነው ኤንሲኤኤ በሚያዘጋጀው አገር አቀፍ የጥሎ ማለፍ ውድድር ላይ መሰለፍ። አውሮፓውያኑ በማርች ስም የሚጠሩት ይህ ውድድር በእኛም አቆጣጠር ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ መጋቢት ላይ ስለሚውል የመጋቢት ውድድር ብሎ መጥራቱ ለአማርኛ አንባቢ የሚከብድ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የውድድሩ በርና ጠባብነቱ

ከ2011 ጀምሮ በውድድሩ የሚሳተፉት ቡድኖች 68 ሲሆኑ፣ አሁን ባለው አሠራር 31ዱ የየሊጋቸውን ዋንጫ በማንሳት በቀጥታ ያልፋሉ፤ የቀሩትን 37 ደግሞ አንድ ኮሚቴ የዓመቱን ውጤታቸውን መዝኖ ይመርጣል። በኮሚቴው ምርጫ የሚያልፉት በአብዛኛው የታላላቆቹ ሊጎች ቡድኖች በመሆናቸው፣ ለትንሹ ኮሌጅ የሚቀረው በር የሊጉ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ብቻ ይሆናል። ይህ ማለት የአምስት ወር ድካም በሦስት ወይም በአራት ቀናት ይወሰናል ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ቁልፍ ተጫዋቹ ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘበት ቡድን፣ ዓመቱን በሙሉ ሊጉን ሲመራ ቢቆይም እንኳ፣ በአንድ ምሽት ሽንፈት ከውድድሩ ሊቀር ይችላል።

የቅርጫት ኳስ ተፈጥሮም ጉዳቱን ያባብሰዋል። ሜዳ ላይ የሚሰለፉት አምስት ብቻ በመሆናቸው፣ ከአርባው ደቂቃ አብዛኛውን የሚጫወትና የቡድኑን ማጥቃት የሚመራ አንድ ሰው ሲጎድል የሚጎድለው ከአሥራ አንድ አንድ እንደሚጎድልበት እንደ እግር ኳስ አይደለም። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ሌላ ቦታ ኮከብ ሊሆን የሚችል ልጅ አስቀምጧል፤ የትንሹ ኮሌጅ ተጠባባቂ ግን ብዙውን ጊዜ ገና ያልበሰለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው።

ኮሚቴው ቡድኖችን ሲመርጥም ሆነ የደረጃ ቁጥር (በየምድቡ ከጠንካራው ጀምሮ የሚሰጠውን ተራ) ሲሰጥ የተጫዋቾችን ጉዳት ከግምት ያስገባል። ለዚህ በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ ከትልቅ ቡድን የተገኘ ነው፤ በ2000 የሲንሲናቲው ኬንየን ማርቲን በሊጉ ውድድር ላይ እግሩ ሲሰበር፣ በምድቡ አንደኛ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረው ቡድኑ ሁለተኛ ተደርጎ ተመደበ። ሲንሲናቲ ያጣው የደረጃ ቁጥር ብቻ ነበር። ትንሽ ኮሌጅ ቢሆን ኖሮ ቦታውን ራሱን ሊያጣ ይችል ነበር።

ሎዮላ ሜሪማውንት፣ 1990

የዚህ ርዕሰ ጉዳይ ትልቁ ታሪክ የሎዮላ ሜሪማውንት ነው። ኮሌጁ የሚገኘው በሎስ አንጀለስ ከተማ ዌስትቸስተር በሚባለው ሰፈር፣ ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ከፍታ ላይ ነው፤ በፌርፋክስ ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ምግብ ቤቶች ለሚመላለሱ ወገኖች በመኪና ሩቅ የማይባል ቦታ ነው። የመጫወቻ አዳራሹ ገርስተን ፓቪልዮን ከአራት ሺህ ብዙም የማይበልጥ ተመልካች የሚይዝ ነው።

አሰልጣኙ ፖል ዌስትሄድ በ1980 የሎስ አንጀለስ ሌከርስን የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ለሆነው ለኤንቢኤ ዋንጫ ያበቃ፣ በ1985 ወደዚህ ኮሌጅ የመጣ ሰው ነበር። የጨዋታ ስልቱ ባጭሩ «ሲስተም» ይባል ነበር፤ ኳስ በተያዘ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መወርወር፣ ተጋጣሚንም ከመስመር እስከ መስመር ተጭኖ እስኪዝል ማሯሯጥ። በ1989/90 የውድድር ዘመን ቡድኑ በአማካይ በጨዋታ 122.4 ነጥብ ያስቆጠረ ሲሆን ይህ ቁጥር በአንደኛው ዲቪዚዮን እስካሁን አልተሰበረም።

የስልቱ ምሰሶዎች ሁለት የፊላደልፊያ ልጆች ነበሩ። ሀንክ ጌዘርስና ቦ ኪምብል በዶቢንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረው ተጫውተው፣ አብረው ወደ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሄደው፣ እዚያ አሰልጣኝ ሲለወጥ በ1986 አብረው ወደ ሎዮላ ሜሪማውንት ተዛወሩ። ጌዘርስ በ1988/89 በአማካይ 32.7 ነጥብና 13.7 ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ) በማስመዝገብ በሁለቱም አገሪቱን መራ፤ በአንደኛው ዲቪዚዮን ታሪክ ይህን ለማድረግ ሁለተኛው ተጫዋች ነው። ትንሽ ኮሌጅ እንዲህ ያለ ተጫዋች ያገኘው እሱ ሌላ ቦታ ደስተኛ ስላልነበረ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ዛሬ ዝውውር ከትንንሾቹ የሚወስደውን ያህል ያኔ ሰጥቷቸው ነበር።

ጌዘርስ በዲሴምበር 9 ቀን 1989 በሜዳው ከሳንታ ባርባራ ጋር ሲጫወት የቅጣት ውርወራ መስመር ላይ ወደቀ። ምርመራ ተደርጎለት የልብ ምት መዛባት እንዳለበት ታወቀ፤ ኢንደራል የተባለ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ከጥቂት ጨዋታዎች ዕረፍት በኋላም ተመለሰ። ኮሌጁም በአዳራሹ እንዲኖር የልብ ማስነሻ መሣሪያ ገዛ። በፌብሩዋሪ 1990 መጀመሪያ፣ ሻኪል ኦኒል ከተሰለፈበት ሉዊዚያና ስቴት ጋር ሲጫወት 48 ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡድኑ ግን በጭማሪ ሰዓት 148 ለ141 ተሸነፈ።

በማርች 4 ቀን 1990 በሊጉ፣ በዌስት ኮስት ኮንፈረንስ፣ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ፣ በገዛ አዳራሹ፣ ከፖርትላንድ ጋር እየተጫወተ፣ በአየር ላይ የተቀበለውን ኳስ ቅርጫት ውስጥ ከከተተ ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ዳግመኛ ወደቀ። ዕድሜው 23 ነበር። በዚያው ምሽት ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

ስለ ሞቱ ዙሪያ ዛሬም ድረስ ሙሉ ስምምነት የለም። የልብ ጡንቻ ሕመም እንደነበረበት በአስከሬን ምርመራ ተረጋግጧል። የመድኃኒቱ መጠን በተጫዋቹ የሜዳ ብቃት ምክንያት ቀስ በቀስ መቀነሱ፣ የተገዛው መሣሪያ በቶሎ ጥቅም ላይ መዋል አለመዋሉ፣ ከመጀመሪያው መውደቅ በኋላስ እንዲጫወት መፈቀዱ ተገቢ ስለመሆኑ ግን ልዩ ልዩ አስተያየቶች ተሰጥተዋል፤ ቤተሰቡም ክስ መሥርቶ ነበር። ከዚህ በላይ የሚባለው ለሕክምና ባለሙያዎችና ለሕግ አዋቂዎች የሚተው ነው።

በውድድር ረገድ የተከተለው ነገር ግልጽ ነው። የሊጉ ውድድር ተሰርዞ፣ የመደበኛው ጊዜ አሸናፊ የነበረው ሎዮላ ሜሪማውንት የሊጉ ወኪል ተደረገ። 23 ጊዜ አሸንፎ 5 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን በምዕራቡ ምድብ አሥራ አንደኛ ሆኖ መመደቡ፣ ኮሚቴው ያለ ጌዘርስ ምን ይሆናሉ ብሎ እንዳሰበ ያሳያል ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ተጫዋቾቹ ወደ ፊላደልፊያ ሄደው ጓደኛቸውን ቀበሩ፤ ለመጫወትም ወሰኑ።

በመጀመሪያው ዙር ኒው ሜክሲኮ ስቴትን 111 ለ92 አሸነፉ፤ ኪምብል ብቻውን 45 ነጥብ አስቆጠረ። ጌዘርስ የቅጣት ውርወራ ስላስቸገረው በመጨረሻው ዘመኑ በግራ እጁ ይወረውር ነበር። ቀኝ እጁን የሚጠቀመው ኪምብል በየጨዋታው የመጀመሪያውን የቅጣት ውርወራ ለጓደኛው መታሰቢያ በግራ እጁ ወረወረ፤ በውድድሩ የሞከራቸውም ሁሉ ገቡ። በሁለተኛው ዙር ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ሚሺጋንን 149 ለ115 ረቱ። ጄፍ ፍራየር በዚያ ጨዋታ 11 ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራዎችን ጨምሮ 41 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ 149ኙ ነጥብ አንድ ቡድን በውድድሩ ታሪክ በአንድ ጨዋታ ያስቆጠረው ከፍተኛ ቁጥር ሆኖ ዛሬም ቆሟል። ቀጥሎ አላባማ ጨዋታውን ሆን ብሎ አዘግይቶ ሊያንቃቸው ቢሞክርም 62 ለ60 አሸነፉ። በምድቡ ፍጻሜ ግን ኋላ ሻምፒዮን በሆነው የኔቫዳ ላስ ቬጋስ ቡድን 131 ለ101 ተሸንፈው፣ 26 አሸንፈውና 6 ተሸንፈው ዓመቱን ጨረሱ።

ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የኀዘን ኃይል ማስረጃ ተደርጎ ነው። የስፖርቱን ጎን ለሚመለከት ግን ሌላ ምክንያትም አለ፤ ዌስትሄድ የገነባው ስልት ኳስን በአንድ ሰው እጅ የሚያቆይ ስላልነበረ የጌዘርስ ውርወራዎች ለኪምብል፣ ለፍራየርና ለሌሎቹ ተከፋፈሉ፤ ኪምብል ራሱም በዚያ ዓመት በአማካይ 35.3 ነጥብ በማስቆጠር የአገሪቱ መሪ ነበር። ያላገገመው ቀጣዩ ዘመን ነው። በዚያው ክረምት ኪምብል በድራፍቱ (የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) ስምንተኛ ሆኖ በክሊፐርስ ተመረጠ፣ ዌስትሄድ ወደ ኤንቢኤው ዴንቨር ሄደ፤ ሎዮላ ሜሪማውንትም ከ1988 እስከ 1990 በተከታታይ ሦስት ዓመት ወደተሳተፈበት ውድድር ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ አልተመለሰም። በ2020 ከገርስተን ፓቪልዮን ደጃፍ የጌዘርስ ሐውልት ቆሟል፤ አዳራሹንም ደጋፊዎች «የሀንክ ቤት» ይሉታል።

ከዴቪድሰን እስከ በትለር

በ2008 የሰሜን ካሮላይናው ዴቪድሰን፣ 1,700 ገደማ ተማሪ ያለው ኮሌጅ፣ በስቴፈን ከሪ መሪነት ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች አንዱ ሆኖ በካንሳስ 59 ለ57 ብቻ ተሸነፈ። ሁሉም የሚያስታውሰው ከሪን ነው፤ ሆኖም በዚያ ዓመት ለጎል የሚያበቃ ኳስ በማቀበል አገሪቱን የመራው ጄሰን ሪቻርድስ ነበር። ሪቻርድስ ተመርቆ ሲሄድ ከሪ ራሱ ኳስ አደራጅ ለመሆን ተገደደ። በ2008/09 በአማካይ 28.6 ነጥብ በማስቆጠር አገሪቱን ቢመራም ቡድኑ ያለፈውን ዓመት አልሆነም፤ በየካቲት ወር ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ በቀረበት አንድ ጨዋታ በሲታደል 64 ለ46 መሸነፉ የጥገኝነቱን ልክ አሳየ። በሊጉ ግማሽ ፍጻሜ በኮሌጅ ኦፍ ቻርልስተን ተሸንፎም የመጋቢቱ ውድድር አመለጠው።

በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ ሞራጋ የሚገኘው ሴንት ሜሪስ፣ 18 አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ወደ ጎንዛጋ ሜዳ ሄደ። አውስትራሊያዊው ፓቲ ሚልስ እዚያ ቀኝ እጁ ተሰበረና በርካታ ጨዋታዎች አመለጡት። ለሊጉ ውድድር ሲመለስ ፍጻሜውን በጎንዛጋ 83 ለ58 ተሸነፉ፤ ኮሚቴውም ሳይመርጣቸው ቀረ። የሊጉ ድክመት ለውሳኔው ይቀርባል፤ ይሁንና ሚልስ ጤነኛ ሳለ የተገኘ ውጤት ሚልስ በሌለበት በተጫወቱት መመዘኑ ፍትሐዊ አልነበረም። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ትንንሾቹ አዳራሾች መጥተው ለመጫወት ስለማይፈቅዱ፣ ጉዳቱን የሚያካክስ ትልቅ ድል የሚገኝበት ሁለተኛ አጋጣሚ እንደሌለ ኮሚቴው ያውቃል። ሁለቱ የተጎዱ ቡድኖች፣ ዴቪድሰንና ሴንት ሜሪስ፣ የተገናኙት ኤንአይቲ በተባለው ሁለተኛው ውድድር ላይ ነው፤ ሴንት ሜሪስ 80 ለ68 አሸነፈ፤ ያ ጨዋታም የከሪ የመጨረሻው የኮሌጅ ጨዋታ ሆነ።

የኢንዲያናፖሊሱ በትለር በ2010 ፍጻሜውን በዱክ 61 ለ59 ተሸንፎ፣ ኮከቡ ጎርደን ሄይዋርድ በድራፍቱ ዘጠነኛ ሆኖ ከሄደ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ዳግም ለፍጻሜ ደረሰ። እንዲህ ያለ ጽናት እምብዛም አይታይም።

ዝውውርና ገንዘብ

ቀደም ሲል ተጫዋች የሚታጣው በጉዳት፣ በምረቃ ወይም በኤንቢኤ ነበር። በ2018 የዝውውር መመዝገቢያ ሲጀመር፣ በ2021 ተጫዋቾች አንድ ዓመት ከጨዋታ ውጭ ሳይቀመጡ አንድ ጊዜ እንዲዛወሩና ከስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ሲፈቀድ፣ በ2024 ደግሞ የዝውውር ገደቡ ሲነሳ፣ የመጋቢት ድል ራሱ ለትንሹ ኮሌጅ የመበተን ምክንያት እየሆነ መጣ።

በ2022 የጀርሲ ሲቲው ሴንት ፒተርስ ኬንታኪን፣ ማሪ ስቴትንና ፐርዱን አሸንፎ፣ በምድቡ አሥራ አምስተኛ ከተመደቡት ቡድኖች ውስጥ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ለመግባት የመጀመሪያው ሆነ። ወዲያው አሰልጣኙ ሻሂን ሆሎዌይ ወደ ተማረበት ሲተን ሆል ሄደ፤ ኬሲ ንዴፎ ተከተለው፤ ዳግ ኤደርት ወደ ብራያንት፣ ዳሪል ባንክስ ወደ ሴንት ቦናቬንቸር፣ መንትዮቹ ድራሜዎች ወደ ላ ሳል ተዛወሩ። ኮሌጁ በአዲሱ አሰልጣኝ ባሺር ሜሰን ሥር ከሁለት ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ መልሶ ማንሳቱ ከሚገባው ያነሰ ትኩረት ያገኘ ሥራ ነው። በኦራል ሮበርትስ በ2021 ኬቨን ኦባኖር ወደ ቴክሳስ ቴክ፣ ከ2023 በኋላም ማክስ አብማስ ወደ ቴክሳስ ሄደዋል። ኬንታኪን በ2024 ከረታው የኦክላንድ ቡድንም ትሬ ታውንሰንድ ወደ አሪዞና ተሻግሯል።

ከ2025 ጀምሮ ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዶ፣ ለአንድ ተቋም ለመጀመሪያው ዓመት፣ ለ2025/26፣ የተቀመጠው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ኮሌጆች ወደዚህ ጣሪያ የሚጠጉ አይደሉም።

በሦስተኛው ዲቪዚዮን፣ ለስፖርት የሚሰጥ ነፃ የትምህርት ዕድል በሌለበት፣ ዋነኛው የተጫዋች ማጣት መንገድ ዛሬም ምረቃ ነው።