ስፓይክ፦ ነፍሱን ፍለጋ የወጣው ደም መጣጭ

ስፓይክ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በ7 ሲዝን በታየው «ቡፊ» የተባለ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ያለ ቫምፓየር ነው። በእኛ አጠራር ደም መጣጭ። በሁለተኛው ሲዝን ሲገባ የመጣው ቡፊን ሊገድል ነው። ቡፊ ቫምፓየሮችን ለማደን የተመረጠች ልጅ ናት። እንደሷ ያሉ ሁለት ሴቶችን ከዚያ በፊት ገድሏል፤ አንዷን በ1900 ቻይና፣ ሌላዋን በ1977 ኒው ዮርክ ባቡር ውስጥ። ከላዩ የማይጠፋው ረጅም ጥቁር የቆዳ ኮት የሁለተኛዋ ነው። ከሬሳዋ ላይ ነው የገፈፈው።

ሐዋሳ ላይ እኔና ጓደኞቼ ፊልሙን ያየነው ሲዝን በሲዝን ፍላሽ ላይ እያስጫንን ነው። ክርክሩን ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ዳር እንቀጥላለን። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ሕጉን ያውቃል፦ አክተሩ አይሞትም፣ ክፉው ይሞታል። ስፓይክም ቶሎ እንዲሞት ታስቦ ነበር የገባው። ተመልካች ስለወደደው ተረፈ። የሚጫወተው ጄምስ ማርስተርስ ነው፤ አነጋገሩ የለንደን ቢመስልም ሰውየው አሜሪካዊ ነው።

ሰው ሳለ ስሙ ዊልያም ነበር። እናቱን የሚወድ፣ ዓይናፋር፣ ግጥሙ የሚሳቅበት ልጅ። የወደዳት ሴት ከእኔ በታች ነህ ብላ ገፋችው። በዚያው ሌሊት፣ በ1880፣ ድሩሲላ የምትባል ቫምፓየር ነከሰችው።

በአራተኛው ሲዝን ወታደሮች ይዘውት ጭንቅላቱ ውስጥ ቺፕ ቀበሩ። ሰው ለመጉዳት በሞከረ ቁጥር ራሱን ያመዋል። ብዙዎች ከክፋት ወደ ደግነት መለወጡን ከዚህ ይጀምራሉ። እኔ አልስማማም። የታሰረ ውሻ ስላልነከሰ ጨዋ አይባልም። ለእኔ ለውጡ የሚጀምረው በአምስተኛው ሲዝን ነው። ቡፊን ወዷል። ጠላቷ ይዛ አሰቃየችው፤ የቡፊን እህት ምስጢር ግን አላወጣም። ይህን ያስደረገው ቺፑ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከባድ ነው። በስድስተኛው ሲዝን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቡፊን ሊደፍራት ሞከረ። ስፓይክን ስለሚወዱት ብቻ ይህን ዘለው የሚያወሩ አሉ። አይዘለልም። እሱ ራሱ ባደረገው ደነገጠ። አፍሪካ ድረስ ሄዶ፣ አሰቃቂ ፈተና አልፎ ነፍሱን አስመለሰ። በፊልሙ ዓለም ቫምፓየር ነፍስ የለውም። ኤንጅል የሚባለው ሌላው ቫምፓየር ነፍሱን ያገኘው በእርግማን ነው፤ ሳይፈልግ። ስፓይክ ግን ፈልጎ ሄደ። ለእኔ የገፀ ባሕሪው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው።

እኛ «ነፍስ ዘራ» ስንል እፎይ አለ ማለታችን ነው። እሱ ነፍስ ሲዘራ ሕመሙ ጀመረ። በሰባተኛው ሲዝን መጀመሪያ የምናገኘው ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ብቻውን ሲለፈልፍ ነው። የገደላቸው ሰዎች እረፍት ነሱት። ይቅርታ እንኳ መጠየቅ አቃተው፤ ምን ብሎ ይጠይቃል?

በመጨረሻው ክፍል አንገቱ ላይ ያደረገው ጌጥ የፀሐይ ብርሃን ረጭቶ ጠላትን ሲፈጅ እሱም አብሮ ነደደ። ቡፊ እወድሃለሁ አለችው። እንደማትወደው ነገራት፤ ስላለችው ግን አመሰገናት። በዚያው ዓመት ኤንጅል ዋና በሆነበት ሌላ ተከታታይ ፊልም ተመለሰ። መትረፉን ግን ለቡፊ አልነገራትም።