«ሲገለበጥ ዘልዬ እወርዳለሁ» ለምትሉ

ባለፈው ሳምንት አንድ አባወራ ትራክተራቸውን ጋራዥ ይዘው መጡ። ከወንበሩ ጀርባ የቆመውን የብረት ቅስት ቁረጥልኝ አሉኝ። እርሻቸው አርሲ ውስጥ ነው፣ ተዳፋት ላይ። ቅስቱ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ እየነካ አስቸግሯቸዋል። «ቢገለበጥስ ጋሼ?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ዘልዬ እወርዳለሁ» አሉኝ። ይህን መልስ ስንት ዓመት ሰማሁት! አልቆርጥም አልኩ፤ ተቀይመውኝ ሄዱ።

እስቲ በደንብ እናውራው። ትራክተር ፊቱን አንስቶ ወደ ኋላ ሲገለበጥ ሁሉም ነገር የሚያልቀው በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። መመለስ የማይቻልበት ነጥብ ላይ ደግሞ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። «ተነሳ እንዴ?» ብላችሁ እስክታስቡ አልፏል። ወደ ጎን ሲወድቅም ሾፌሩን የሚወረውረው እሱ ራሱ ወደሚወድቅበት በኩል ነው። ዘለልኩ ያለ ሰው ከስሩ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ያ ቅስት ትራክተሩ ዙሪያውን እንዳይንከባለል ያግዳል፣ ለሾፌሩም መትረፊያ ቦታ ያስቀርለታል። ስዊድን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ለአዲስ ትራክተሮች ግዴታ አድርጋዋለች። ብቻውን ግን አይበቃም። ቀበቶ ካላሰራችሁ ከዚያ ቦታ ትወረወሩና ቅስቱ ራሱ ያርፍባችኋል። ቅስት የሌለው አሮጌ ትራክተር ላይ ግን መትረፊያ ቦታ ስለማይኖር ቀበቶ አትሰሩ። ለፀሐይ ተብላ የተበየደች የላሜራ ጥላም ቅስት አይደለችም። ቅርንጫፍ ካስቸገረ የሚታጠፍ ቅስት አለ፤ አጥፋችሁ ታልፋላችሁ፣ ወዲያው መልሳችሁ ታቆማላችሁ። ወይ ቅርንጫፉን ቁረጡት።

አንድ የማውቀው ልጅ ዛሬ በሕይወት ያለው በቅስትና በቀበቶ ነው። ጭቃ የያዘውን ተሳቢ ሊያወጣ ሰንሰለቱን ከታችኛው መጎተቻ ብረት ሳይሆን ከላይ፣ ከማረሻው ማያያዣ ጋር አሰረው። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ የኋላ ጎማው አልሄድ አለ፣ ፊቱ ተነሳ። ስንደርስ ትራክተሩ በቅስቱ ተደግፎ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሏል፣ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ልጁ ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨብጦ አለቅም ብሏል። እባካችሁ፣ ስትጎትቱ ከኋላ ጎማዎቹ ዘንግ (አክስል) ዝቅ ካለው መጎተቻ ላይ ብቻ እሰሩ።

«ፎር ዊል ነው፣ አይገለበጥም» የሚሉም አሉ። ፎር ዊል መሬት እንዲቆነጥጥ እንጂ እንዳይገለበጥ አያደርገውም። እንዲያውም ሌላው ትራክተር እምቢ የሚልበት ዳገት ላይ ያወጣችኋል። ቁልቁለት ላይ ግን ይጠቅማል፤ ብዙ ትራክተር ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማ ብቻ ስለሆነ ፎር ዊሉ ሲገባ የፊቱም አብሮ ይይዛል።

«ጉልበቱ የበዛው ይሻላል»? ለተዳፋት መጀመሪያ የሚታየው ቁመቱና በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ነው። ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ ምረጡ። ብዙዎቹ ላይ የኋላ ጎማው ቸርኬው ተገልብጦ ሲገጠም ይሰፋል፤ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ግን የለም።

ማርሽ ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ ነዳጅ አይቆጥብም፣ ሰው ይገድላል። በወጣችሁበት ከባድ ማርሽ ውረዱ። የኋላ ጎማው መከላከያ ላይ ሰው አታስቀምጡ። የግራና የቀኝ ጎማውን ሁለት የፍሬን ፔዳሎች የምታያይዘውን ትንሽ ብረትም ከእርሻ ስትወጡ መልሱ፤ አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ በአንድ ጎን ይዞራል።

የመጨረሻው የቁጥር ስህተት ነው። «30 በመቶ» ሲባል 30 ዲግሪ የሚመስለው ብዙ ነው። 30 በመቶ 17 ዲግሪ ገደማ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት እንዳይታረስ ከልክሎ ነበር፤ ያ 31 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት 10 ሜትር ገመድና ውሃ ልክ ይዛችሁ ማሳችሁ ላይ ውጡ። አንዱን ጫፍ ላይኛው መሬት ላይ ይዛችሁ ገመዱን አግድም ወጥሩት። በታችኛው ጫፍ ከገመዱ እስከ መሬት ሁለት ሜትር ከሆነ 20 በመቶ ነው። ያን ቁጥር ይዛችሁ ኑ፣ የቱ ትራክተር እንደሚሆናችሁ ያኔ እናወራለን።