«ኒፕ ኢት ኢን ዘ በድ» ምን ማለት ነው?

«ኒፕ ኢት ኢን ዘ በድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ፣ አንድ ችግር ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ሥር ሳይሰድና ሳይዛመት ወዲያውኑ ማስቆምን ይገልጻል። «በድ» ገና ያልፈነዳ እንቡጥ ሲሆን «ኒፕ» ደግሞ በጣት ቆንጥጦ መቀንጠስ ነው።

አባባሉ የአትክልተኛ ሥራ ቋንቋ ነው። ቲማቲም የሚያለማ ሰው በግንዱና በቅጠሉ ዘንግ መካከል የሚያቆጠቁጠውን የጎን ቀንበጥ ገና ለጋ ሳለ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ቀጭ ያደርገዋል፤ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ ተክሉም እምብዛም አይጎዳም። ያው ቀንበጥ ከተተወ ግን ይወፍራል፣ የተክሉን ምግብ ይሻማል፣ በመጨረሻም በቢላዋ ወይም በመቀስ ካልሆነ አይነሳም፤ የሚተወው ቁስልም ሰፊ ስለሚሆን ለበሽታ በር ይከፍታል። ጽጌረዳ ለገበያ የሚያቀርቡ እርሻዎችም፣ አንዱ አበባ ጎላ ብሎ እንዲወጣ፣ ከዋናው እንቡጥ ሥር የሚወጡትን ትናንሽ እንቡጦች በጊዜ ይቀነጥሳሉ። «ኒፕ» ውርጭ ቡቃያን ሲመታ ለሚያደርሰው ጉዳትም ይነገራል።

ፈሊጡ በጽሑፍ ከታየ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ «በአበባው» በሚል መልክ፣ በ17ኛው መጀመሪያ ደግሞ ዛሬ በምናውቀው «በእንቡጡ» በሚለው መልክ ተጽፎ ይገኛል። የሚገርመው፣ በእነዚያ ቀደምት ጽሑፎች እንዲቀነጠስ የሚፈለገው የልብ ፍቅር መሆኑ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ቋንቋ የሆነው በኋላ ነው።

ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱት የፈሊጡን ጊዜ ነው። እንቡጡ መታየት አለበት፤ ገና ምንም ምልክት ባልታየበት ሁኔታ ጥንቃቄ ማድረግ መከላከል እንጂ «ኒፕ» አይባልም። በሌላ በኩል፣ አበባው ከፈነዳ በኋላ አባባሉ ያለፈበት ይሆናል። አንድ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ቢያረፍድና አለቃው ጠርቶ ቢያነጋግረው፣ ፈሊጡ በትክክል ቦታው ላይ ነው። ሠራተኛው ዓመቱን ሙሉ ሲያረፍድ ኖሮ በመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሲጻፍለት ግን ይህን አባባል መጠቀም ለአለቃው ያልሠራውን ሥራ መስጠት ነው። እንደዚሁም ሐሜት ከሁለት ሰው አፍ ሳያልፍ፣ ሕፃን ልጅ መማታትን ልማድ ሳያደርገው፣ ጥቂት ብር የጎደለው ሒሳብ ወር ሳይሞላው ሲታረም ይነገራል። ተናጋሪው በነገሩ ላይ ሥልጣን ወይም አቅም እንዳለው የሚያስመስል ቃና ስላለው፣ ወላጅ፣ መምህርና አለቃ ይወዱታል፤ ተቃውሞን ማፈን የሚፈልግ መንግሥትም እንዲሁ ሊጠቀምበት ስለሚችል፣ ማን እየተናገረ እንደሆነ ሳያዩ ሁልጊዜ እንደ በጎ ምክር መውሰድ አይገባም።

በአማርኛ የቅርብ አቻው «በእንጭጩ መቅጨት» ነው፤ ምስሉም ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ለማለት ይቻላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እና «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉትም ሐሳቡን ይይዛሉ፤ ይሁን እንጂ እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሲሆኑ፣ እንግሊዝኛው በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ግሥ የሚረባ ሐረግ ነው። የቃናም ልዩነት አለ። በእኛ ዘንድ «በአጭሩ ተቀጨ» ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው በወጣትነቱ የሞተ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ግን በአብዛኛው የሚያስመሰግን ፈጣን እርምጃን ያስታውሳል፣ የሐዘን ስሜት የሚይዘው ተስፋ ወይም ጅምር ሥራ ተቀጨ ሲባል ብቻ ነው።

በእንግሊዝኛው የምሳሌ ወገን «በጊዜው የተሰፋ አንድ ስፌት ዘጠኝ ያድናል» የሚለው አለ። አሜሪካዊው ጸሐፊና የአገር መሪ ቤንጃሚን ፍራንክሊንም በ1735 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ጋዜጣ ላይ ስለ ቃጠሎ ሲጽፍ፣ አንድ አውንስ መከላከል አንድ ፓውንድ ፈውስ እንደሚያህል ተናግሯል፤ ሁለቱም የክብደት መለኪያዎች ናቸው፣ አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ነው። የእርሱ ጭንቀት ሰዎች ፍም በአካፋ ሞልተው ከክፍል ወደ ክፍል መውሰዳቸው ስለነበር፣ ንግግሩ ከ«ኒፕ» ይልቅ ወደ መከላከል ያደላል።

«በድ» የሚለውን ቃል ብዙዎች፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ሳይቀሩ፣ «በት» ብለው ሲጽፉት ይታያል። «በት» መቀመጫ ማለት ስለሆነ ሐረጉ «መቀመጫውን ቆንጥጠው» ወደሚል ቀልድ ይለወጣል። ምስሉን ከነጭራሹ በመርሳት ግን ማንም የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ፓርላማ አባል የነበሩትን ሰር ቦይል ሮሽን አይደርስባቸውም። «አይጥ ሸተተኝ» በእንግሊዝኛ ተንኮል ጠረጠርኩ ማለት ነው፤ እርሳቸውም አይጥ እንደሸተታቸው፣ በአየር ላይ ተፈጥራ ሰማዩን ስታጨልም እንደሚያዩአት፣ ሆኖም በእንቡጧ እንደሚቀነጥሷት ለአፈ ጉባኤው ተናገሩ ተብሎ ይተረካል።

በአጠቃቀም ረገድ፣ የሚቀጨው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በ«ኒፕ» እና በ«ኢን ዘ በድ» መካከል ይገባል፤ «ኒፕ ዘ ሩመር ኢን ዘ በድ» (ወሬውን በእንጭጩ ቅጨው) እንደሚባለው ማለት ነው። ችግሮቹ ብዙ ቢሆኑም «በድ» ነጠላ ሆኖ ይቀራል፤ ባለፈ ጊዜ ሲነገር ደግሞ «ኒፕት» ተብሎ ይነበባል።