በጤና መድኅን «መክፈል የማይችሉ» የሚባሉት እነማን ናቸው?

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን (አባላት በሚያዋጡት ገንዘብ የሕክምና ወጪያቸው የሚሸፈንበት ሥርዓት) አባልነት የሚያዘው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። ብዙዎችን የሚያደናግረው ግን «መክፈል የማይችሉ» የሚለው የአባላት ክፍል ነው። ስያሜው በምዝገባው ዓመት እጅ ያጠረውን ሰው ሁሉ አያጠቃልልም፤ በቀበሌያቸው ነዋሪዎች ተለይተው ስማቸው የጸደቀላቸውንና መዋጯቸውን መንግሥት የሚሸፍንላቸውን ቤተሰቦች ብቻ ያመለክታል። ስለዚህ በመዝገቡ ያልሰፈረች እናት፣ የቱንም ያህል ብትቸገር፣ መዋጮውን እንድትከፍል ትጠየቃለች። ልየታው በሚካሄድበት ወቅት በስብሰባው መገኘትና ጉዳይን ማስረዳት፣ አቅመ ደካማ ጎረቤት ካለም ስለ እርሱ መናገር፣ ትልቅ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

የአባልነት ደብተሩ ከተሰጠ በኋላ በከፋዩና በማይከፍለው መካከል የአገልግሎት ልዩነት የለም። ሁለቱም መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ወደ ሆስፒታል የሚያልፉት ሪፈር ሲጻፍላቸው ነው።

በእኔ እምነት እውነተኛው የፍትሐዊነት ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሪፈሩን ተቀብሎ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ የቆመ የገጠር ሰው ሕክምናው ቢሸፈንለትም፣ የመኪናውን ዋጋ፣ የአስታማሚውን ምግብና ማደሪያ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው፤ ሆስፒታሉ ካለበት ከተማ የሚኖረው አባል ግን በእግሩ ሄዶ ይታከማል። የታዘዘው መድኃኒት በተቋሙ ከሌለ ደግሞ ታካሚው ከግል መድኃኒት ቤት ለመግዛት ይገደዳል፤ በዚህ ጊዜ ደረሰኙን ይዞ ገንዘቡ ይመለስለት እንደሆነ የወረዳውን የመድኅን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።