የካፕሱል ኢንዶስኮፒ ዝግጅት ምንድን ነው?

ካፕሱል ኢንዶስኮፒ ማለት በእንክብል መልክ የተሠራች ትንሽ ካሜራ ውጦ አንጀትን ከውስጥ ማየት ነው። ካሜራዋ የራሷ መብራት፣ ባትሪና ፎቶ የምትልክበት ሬዲዮ አላት። ርዝመቷ 26፣ ውፍረቷ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከአሞክሳሲሊን እንክብል ወፈር ትላለች። ማደንዘዣ የለም፣ ቱቦ የለም። በውሃ ትዋጣለች፤ ሥራዋን ስትጨርስ በሰገራ ትወጣለች።

ይህን የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ «ታዲያ ለመዋጥ ምን ዝግጅት ያስፈልገዋል?» ይላል። እኔ ግን የዚህ ምርመራ ግማሹ ዝግጅቱ ነው ባይ ነኝ።

በተለመደው ኢንዶስኮፒ ቱቦው በሐኪሙ እጅ ነው። ምግብ ወይም አረፋ ከጋረደው ውሃ ይረጫል፣ ይመጥጣል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞ ያያል። የምትዋጠዋ ካሜራ ከዚህ አንዱንም አትችልም። የሚገፋት አንጀቱ ራሱ ነው። ካለፈች አትመለስም። የሚደማው ቁስል ላይ የተልባ ፍሬ ተለጥፎ ካገኘች የምታነሳው የተልባውን ፍሬ ነው። በሰከንድ ሁለት ፎቶ ብታነሳ እንኳ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ50,000 በላይ ይሆናል፤ አንጀቱ ካልጸዳ ግን ይህ ሁሉ ፎቶ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ካሜራዋ ደግሞ አንዴ ብቻ ነው የምታገለግለው። ዝግጅቱ ከተበላሸ ሌላ መግዛት ነው።

ለማን ይታዘዛል? በብዛት ደሙ እያነሰ ምክንያቱ ላልታወቀለት ሰው ነው። መጀመሪያ ሰገራ ይታያል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል አለና። ከዚያ በአፍ በሚገባ ቱቦ ጨጓራ፣ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ደግሞ ትልቁ አንጀት ይታያል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የቀረው መሃሉ ነው። ትንሹ አንጀት 6 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተለመዱት ቱቦዎች ከላይም ከታችም ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው የሚደርሱበት። እስራኤላዊው መሐንዲስ ጋቭሪኤል ኢዳን ይህችን ካሜራ የፈጠረው ለዚህ ክፍል ነው፤ አሜሪካም በ2001 እ.ኤ.አ. ለሕክምና እንድትውል ፈቀደች። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት በሽታ፣ ዕጢ፣ ተደብቀው የሚደሙ የደም ሥሮች የሚፈለጉት በእሷ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሳምንት በፊት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ምርመራው የሚታዘዘው ደም ላነሰው ሰው ነው ብለናል። ደም ያነሰው ሰው ደግሞ የአይረን ክኒን ላይ ነው። አይረን ሰገራን ያጠቁራል፤ የአንጀትንም ግድግዳ ጥቁር ቀለም ያለብሰዋል። በዚያ ጥቁረት ውስጥ ደም ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ቀን አስቀድሞ ይቆማል። ሰው ግን «የደም ክኒኔንማ እንዴት አቋርጣለሁ?» ብሎ ይፈራል። እንደውም ጎበዝ በሽተኛ የሆነው፣ አንድ ቀን የማያዛንፈው ነው የሚቸገረው። አይዞን፣ ምርመራው እንዳለቀ ትቀጥሉታላችሁ።

የሕመም ማስታገሻም ጉዳይ አለ። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ራሳቸው ትንሹን አንጀት ያቆስላሉ። ለወገብም ለጉልበትም እያልን ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የምንገዛቸው ናቸው። ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፤ መቼ እንደሚቆሙ እሱ ይወስናል። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ ምንም አያቁም። ስኳር ያለበት ሰው ሳይበላ የተለመደውን ኢንሱሊን ቢወጋ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መጠኑን አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ዋዜማው እንምጣ። ከወሎ ለዚህ ምርመራ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ዋዜማውን የሚያሳልፈው አብዛኛውን ጊዜ በሰው ቤት ነው። ምርመራው በየከተማው የሚገኝ አይደለም፤ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ዘመድ ቤት ይታረፋል። የእኛ አገር ዘመድ ደግሞ እንግዳው ካልበላ እንቅልፍ አይወስደውም። «አፈር ስሆን አያ፣ አንዲት ጉርሻ! ከመንገድ መጥተው ጦምዎን ሊያድሩ?» ይላል። ጉርሻውን መመለስ ነውር ይመስላል፤ ይሉኝታ ይይዛል። በዚህ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ከቤት ሳትነሱ ስልክ ደውላችሁ «እንዲህ ያለ ምርመራ አለብኝ፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አልበላም» በሉ። አስቀድሞ የተነገረው ዘመድ አያስቸግርም፤ እንዲያውም ጠባቂ ይሆናችኋል።

በዋዜማው ቀን ቀለል ያለ ምሳ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው። አንዳንድ ቦታ ምሳውም ይቀራል። ጥርት ያለ ማለት በብርጭቆ ሲቀዳ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ማለት ነው። ውሃ፣ ወተት የሌለበት ቀጭን ሻይ፣ የተጣራ መረቅ ይሆናል። አጥሚት አይሆንም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ በእኛ ቤት የታመመ ሰው መጠጥ አጥሚት ነው፣ ፈሳሽ ነው ብሎ የሚሰጠው ሰው አይጠፋም። አጥሚት ግን ለአንጀት ምግብ ነው። ቤሶም፣ የአብሽ ውሃም፣ ሆድ ያለሰልሳል የሚባለው ተልባም እንደዚያው። ወተት አይጠጣም። ቀይና ሐምራዊ መጠጥም ክልክል ነው፤ በረመዳን የሚቀርበው ቪምቶ ለካሜራዋ ደም ሊመስላት ይችላል።

ቡናስ? ለወሎ ሰው ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ጀበናው ተጥዶ፣ ጭሱ እየወጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲመርቅ እንግዳው ስኒውን ይመልሳል ማለት ይከብዳል። ከሐኪም ቤት በተሰጣችሁ የዝግጅት ወረቀት ላይ ቡና በዋዜማው ይፈቀዳል ካልተባለ ተዉት። ከተፈቀደም አቦሉን ብቻ፣ ያለ ወተት፣ አተላው ከሥር እንደተኛ። የቡና ቁርሱ ፈንዲሻ ግን አይነካም። ምርቃቱ ላይ ቁጭ ብላችሁ አሜን ማለት ግን ማንም አልከለከለም።

ጫት የሚቅም ሰው ይህን ልብ ይበል። የሚዋጠው የቅጠል ድቃቂ አንጀት ላይ ይቀራል። ጫት ጨጓራ የገባበትን ቶሎ እንዳያሳልፍም ያደርጋል። ካሜራዋ ጨጓራ ውስጥ ስትቆም ባትሪዋ ያልቃል፤ አንጀቱ መጨረሻ ሳትደርስ ትጠፋለች። በርጫው ለጥቂት ቀን ይቆይ። ሲጋራም ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይቆማል።

ማታ ላይ አንጀት የሚያጸዳው መድኃኒት ይመጣል። ብዙ ቦታ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ዱቄት ነው፤ በ2 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ካላችሁ እዚያው ውስጥ በጥብጡት፤ ስንት እንደቀረ በዓይን ይታያል። በየ10 ወይም 15 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ይጠጣል። ቀዝቀዝ ሲል ጣዕሙ ይሻላል። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዚያ ሆድ ይጮኻል፣ ከዚያ መሮጥ ነው። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ቢጫማና ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ ጸድቷል። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ራቅ ብሎ ከሆነ ባትሪ አዘጋጁ፤ አቅም የሌለው ሰው ከሆነም ብቻውን አይውጣ። በዚህ መድኃኒት ፈንታ ኮሶ ወይም ሌላ የአገር መድኃኒት እጠጣለሁ ማለት አያስኬድም። መጠኑ አይታወቅም፣ ጉዳትም አለው።

ይህን መድኃኒት ጠጥቶ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው እንዳይኖር። ከሚሴን አልፎ ጣርማ በር ዳገት ላይ መጸዳጃ አይገኝም። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ገብቶ ማደር ነው።

የሰዓቱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከመዋጡ በፊት ለ10 ወይም ለ12 ሰዓት ያህል ምግብ አይገባም። ወረቀቱ ላይ 8:00 ተብሎ በፈረንጅ ተጽፎ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። ቤተሰብ 8 ሰዓት ብሎ አንብቦ «ገና ነው፣ ቁርስ ይብሉ» ካለ ቀጠሮው ተቃጠለ። ሲሰጧችሁ እዚያው «በእኛ ስንት ሰዓት?» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበት።

ጾም ላይ ያላችሁ ሰዎችም ቀጠሮ ስትይዙ አስቡበት። ካሜራ መዋጥም ውሃ መጠጣትም የረመዳንን ጾም ያፈርሳል። የማያስቸኩል ከሆነ ከዒድ በኋላ ማድረግ ይቻላል፤ የሚያስቸኩል ከሆነ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን መተካት በቁርኣኑ የተፈቀደ ነው። ክርስቲያኑም የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። የሐኪም ጾም ሌላ፣ የሃይማኖት ጾም ሌላ ነው፤ የጾም ምግብ ነው ብሎ ሽሮ መብላት በዋዜማው አይሠራም።

የምርመራው ቀን ራሱ ቀላል ነው። ሱሪና ሸሚዝ ወይም ከላይና ከታች የተከፈለ ቀሚስ ይለበስ፤ ሆድ ላይ ቅባትም ሎሽንም አይቀባ። ሆድ ላይ መቀበያ ይለጠፋል ወይም ቀበቶ ይታሰራል፣ ፎቶውን የሚቀበል ትንሽ መሣሪያም ጎን ላይ ይንጠለጠላል። አረፋ የሚያጠፋ ሲሜቲኮን የተባለ ፈሳሽ ሊሰጣችሁ ይችላል። ከዋጣችሁ ከ2 ሰዓት በኋላ ውሃ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ምግብ ይፈቀዳል። መሣሪያው ላይ ብልጭ ድርግም የምትል መብራት አለች፤ አልፎ አልፎ እዩዋት። ከጠፋች ደውሉ። መሄድ ይቻላል፤ መሮጥ፣ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ደጋግሞ ማጎንበስ አይቻልም። ከዋጣችሁ 8 ሰዓት ሲሞላ ወይም በተባለው ጊዜ መሣሪያው ይመለሳል። ውጤቱ እዚያው አይነገርም፤ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ሊያየው ይገባል።

ከመዋጡ በፊት ግን ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ሆዳችሁ ተቀዶ ያውቃል? የአንጀት መታጠፍ፣ የአንጀት ቲቢ ነበረባችሁ? ክሮንስ አለ ተብሏል? ለመዋጥ ትቸገራላችሁ? ነፍሰ ጡር ነሽ? ልብ ላይ ፔስሜከር የሚባል የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ተተክሏል? በተለይ ቲቢ አንጀትን ያጠብባል፤ የጠበበ ቦታ ላይ ካሜራዋ ልትቀረቀር ትችላለች። እንዲህ ከተጠረጠረ መጀመሪያ የምትሟሟ የሙከራ እንክብል ይሰጣል። ያቺ ካለፈች ካሜራዋም ታልፋለች ተብሎ ይገመታል።

አብዛኛውን ጊዜ ካሜራዋ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ትወጣለች። አምጡ ካልተባላችሁ መፈለግ የለባችሁም። በጉድጓድ ሽንት ቤት ግን መውጣቷን ማየት ያስቸግራል። መውጣቷ ካልተረጋገጠ በማግኔት የሚሠራው የኤምአርአይ ምርመራ ክፍል አይገባም፤ ማግኔቱ ሆድ ውስጥ ያለችውን ካሜራ ሊጎትት ይችላል። ሁለት ሳምንት አልፎ ካላያችኋት የሆድ ራጅ ይበቃል፤ ለዚህ አዲስ አበባ መመለስ አያስፈልግም፣ ደሴም ወልዲያም ይነሳል። የምርመራውን ወረቀት አትጣሉት። ከዚያ በፊት ሆድ ከተነፋ፣ ቁርጠት ከበረታ፣ ማስመለስ ከመጣ ወይም ፈስ አልወጣ ካለ ቀን ሳትቆጥሩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት «ካሜራ ውጬ ነበር፣ መውጣቷን አላየሁም» የሚለውን ይሁን።